«ታክሞ ድኗል» ለሚለው ማህተም ባለቤት

ለተከበሩ የሱስና የአእምሮ ጤና ማገገሚያ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና መሥሪያ ቤትዎ እንዴት እንደ ሰነበቱ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት ላይ እንዳሉ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው፤ ምናልባት እክል ገጥሞዎት ከሆነም ሕመምዎ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ የሚወጣ፣ ሥርዓት ያለውና ደንብ የሚያከብር ሕመም እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እርስዎ በሚመሩት ተቋም ሌላ ዓይነት ሕመም እንደማይታወቅ ስለተረዳሁ ነው።

በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቱን ላስረዳ። ከዚህ በፊት በግል ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ ሁለቱንም ጊዜ ሳልጉላላ መልስ አግኝቻለሁ። መልሱ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነበር፤ «ታካሚው ታክሞ የዳነ ስለሆነ ፋይሉ ተዘግቷል» ይላል። እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ መልስ ከመሥሪያ ቤት ማግኘት ብርቅ ስለሆነ፣ ሌሎችም ዜጎች ይማሩበት ብዬ ነገሩን ወደ አደባባይ አወጣሁት።

እኔ የአርማታ ካቦ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ምሰሶና ወለል ሳስሞላ ኖሬአለሁ፤ ሥራ ላይ ድምፄ ከማደባለቂያው ማሽን በላይ ይሰማል ይሉኛል፣ ዛሬ ግን ለክብርዎ ስል ዝቅ አድርጌዋለሁ። በማዕከልዎ መዝገብ ላይ የምታወቀው በሙያዬ ሳይሆን «አስታማሚ» በሚል ማዕረግ ነው። ያስታመምኩት ታናሽ ወንድሜን ሲሆን እሱ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከሲታ ስለሆነና ሙያውም ስለሚያግዝ የሚያውቀው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል፤ ስሙን አደባባይ ማዋል ስለማልፈልግ እኔም በዚህ ደብዳቤ ሽቦ እለዋለሁ። ጉዳዬ አጭር ነው፤ ወንድሜ የጀመረውን ሕክምና እንዲቀጥል አንድ ቀጠሮ ያስፈልገዋል፣ ያን ቀጠሮ የከለከለው ደግሞ በሽታው ሳይሆን የእርስዎ ማህተም ነው። አጭሩን ጉዳይ በረዥሙ እንዳስረዳ ግን ይፍቀዱልኝ፤ በዚህ ዓለም ጊዜ የሚወስድ ነገር መኖሩን ለማሳየት ያህል ነው።

፩. ስለ ሃያ ስምንቱ ቀን

ሽቦ ወደ እናንተ የገባው አሥራ አንድ ዓመት ከጠጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ከሥራ መልስ ነበር፤ ኋላ ኋላ ሥራው ከመጠጥ መልስ ሆነ። በመጨረሻው ዓመት ጠዋት ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሁለት ብርጭቆ ካልቀማመሰ በቀር ካቻቪቴ መጨበጥ አይችልም ነበር። ከመጠጡ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ተኝቷል፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ የተጫነው፣ እኛ «ዝምተኛ ሆነ» እያልን ያለፍነው፣ ባለሙያዎቻችሁ ግን በመጀመሪያው ሳምንት «ድብርት» ብለው ስሙን የነገሩን ሕመም። ለእነዚህ ለሁለቱ ሕመሞች አንድ ላይ፣ ማዕከልዎ ሃያ ስምንት ቀን መደበላቸው።

እውነቱን ለመናገር ቁጥሩን ስሰማ ኮርቻለሁ፤ ከሙያዬ የተወሰደ መሰለኝ። አርማታ ከተሞላ በኋላ ጥንካሬው የሚለካው በሃያ ስምንተኛው ቀን መሆኑን በየትኛውም አገር ያለ ካቦ ያውቀዋል። እርስዎ ግን ቁጥሩን ሲወስዱ የቀረውን እኛው ዘንድ ረስተውት ሄደዋል። እኛ አርማታውን ሞልተን ዞር አንልም፤ ከነጋታው ጀምሮ ውሃ እናጠጣዋለን፣ ፀሐይ ሲበረታበት በእርጥብ ጆንያ እንሸፍነዋለን፣ ከሥሩ የቆሙትን ደጋፊ እንጨቶች መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አንዷን እንኳ አንነቅልም። ሃያ ስምንተኛው ቀን ሲደርስም አናጨበጭብለትም፤ ናሙናውን ማሽን ውስጥ አስገብተን ስንት እንደሚሸከም እስኪፈርስ ድረስ እንጫነዋለን እንጂ። ይህን ሁሉ የምናደርገው ለአሸዋና ለጠጠር ነው፤ አርማታ አባት አይሞትበትም፣ ከሥራ ሲመለስም መንገዱ ላይ መጠጥ ቤት የለበትም። ለማንኛውም ሙያዬን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ምክር ባለሙያዋ

በማዕከልዎ አንዲት የምክር ባለሙያ አለች። በሦስተኛው ሳምንት እናቴንና እኔን በትንሿ ክፍሏ አስቀምጣ፣ ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሚወስድ በወረቀት ጀርባ ላይ እየሣለች አስረዳችን። ሰውነት ከመጠጥ የሚላቀቀው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ነው፣ ያ ግን ቀላሉ ነው አለችን። እንቅልፍ ልኩን እስኪይዝ ወራት ይፈጃል፤ የድብርቱ ኪኒን መሥራት የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን ተሻለኝ ካለም ወዲያ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀጥሎ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ እየመጣ ይታያል፤ በጠቅላላው ከዓመት በታች አይታሰብም፣ ለአንዳንዱ ሁለትና ሦስት ዓመት ይሆናል፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚከታተልም አለ። መሐል ላይ መውደቅ ቢመጣ ሕክምናው ከሸፈ ማለት እንዳልሆነ፣ ክትትሉ የተበጀውም ለዚያ ቀን መሆኑን ነገረችን። እናቴ ይህን ሁሉ አዳምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «እና እስከዚያ ማን ያየዋል?» ባለሙያዋም «እኛ» አለቻት።

በዚያው ሳምንት የሽቦ እጅ መንቀጥቀጡን ተወ። የኮሪደራችሁ መብራት ቦግ እልም ሲል አይቶ አላስችል ስላለው ካቻቪቴ አስመጥቶ ጠገነላችሁ፤ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከላይ ሆኖ ሽቦውን በጥርሱ ሲልጥ «በጥርስህ ተው ብዬህ የለም ወይ» ብዬ እንደ ልጅነታችን ተቆጣሁት፣ ሳቀም። ከስንት ዓመት በኋላ ያየሁት የወንድሜ ፊት ያ ነው፤ ወረድ ሲል ደስታዬን ደብቄ መሰላሉን አጣጠፍኩ።

እንዲህ ያለች እውነት ተናጋሪ ሰው ስለቀጠሩ ምስጋና ይገባዎታል። የምትናገረው እውነት ከክፍሏ በር እንዳያልፍ ላደረጉት ጥንቃቄ ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

፫. ስለ ምረቃውና ስለ አንዲት ቃል

በሃያ ስምንተኛው ቀን አዳራሽ ጠራችሁን። ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ አለ። እርስዎ ራስዎ ተገኝተው «ከዛሬ ጀምሮ ሱስ ለእናንተ ታሪክ ነው» ሲሉ እኔም መዳፌ እስኪግል አጨብጭቤያለሁ። ከዚያም ሽቦን በሙሉ ስሙ ጠርተው ጨበጡት፣ ምስክር ወረቀት ሰጡት፣ አብረውት ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶውም ኮሪደራችሁ ላይ ተሰቀለ። በወረቀቱ ግርጌ ክብ ማህተም አለ፣ በመሐሉም «ታክሞ ድኗል» ይላል። እናቴ ማህተሙን ሳመችው፤ በማግሥቱ መስተዋት አስገብታ ሳሎኗ ውስጥ ከአባታችን ፎቶ ጎን ሰቀለችው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ስለዚህች ቃል ትንሽ ልናገር። ቋንቋችን ለታመመ ሰው ቃል አልነፈገውም። ቀለል አለው እንላለን፣ ሻል ብሎታል እንላለን፤ ነፍስ ዘራ፣ ቀና አለ፣ እህል ቀመሰ፣ እያገገመ ነው፣ ዛሬስ ደህና ነው እንላለን። ጉንፋን የያዘው ሰው እንኳ በሦስተኛው ቀን ቢጠይቁት «ተመስገን፣ ሻል ብሎኛል» ነው የሚለው፤ ድኛለሁ ብሎ በሽታውን መልሶ እንዳይጠራው ይፈራል። ማዕከልዎ ከዚህ ሁሉ መሐል አንዷን ብቻ መርጦ፣ እሷን ማህተም ላይ አስቀርጾ፣ ለገባ ሁሉ በሃያ ስምንተኛው ቀን ይመታል። በራችሁ ላይ በትልቁ «ማገገሚያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከውስጥ ግን እያገገመ የሚወጣ ሰው የለም፣ ሁሉም ድኖ ነው የሚወጣው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እናንተ ማፍሰሱን አሳምራችሁ ሠርታችሁ መልቀሙን ለእኛ ትታችሁልናል።

፬. ስለ መስኮቱ

ሲወጣ የአንድ ወር ኪኒን ይዞ ነበር። ሲያልቅ እንዲታዘዝለት ጠየቀ፤ ማዘዣ ለመጻፍ የተከፈተ ፋይል ያስፈልጋል፣ የዳነ ሰው ፋይል ደግሞ ምድር ቤት ይወርዳል ተባለ። ባለሙያዋ ላየው ብትልም የዳነ ሰው የእሷ ድርሻ እንዳልሆነ ተነግሯታል። ስለዚህ ሽቦ ብቻውን ያዘው። መጠጥ ቤቶቹ ባሉበት መንገድ ላለማለፍ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ይዞራል፣ ከረሜላ በኪሱ ሞልቶ ይሄዳል፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ምሳ መብላት ተወ። አራት ወር እንዲህ ኖረ። ከዚያ ያ የድሮው ነገር ቀስ እያለ ተመለሰበት፤ እንቅልፍ ጠላ፣ ምግብ ጠላ፣ ሰው ሲያናግረው ከሩቅ ሆኖ እንደሚሰማ ሰው ሆነ።

ከእናንተ ዘንድ በወጣ በመቶ ሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጠብታ ሳይቀምስ ወደ ማዕከልዎ መጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። ወንድሜ አልደበቀም። ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በመስኮቱ በኩል «ልጠጣ ነው መሰለኝ፤ ሳልጠጣ አግዙኝ» አላት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአፉ ለማውጣት አሥራ አንድ ዓመት እንደፈጀበት እርስዎ ላያውቁ ይችላሉ፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ስጠብቃት የኖርኩት ነኝና።

ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ በኋላ ሄጄ አነጋግሬያታለሁ፣ ፊቱ አሳዝኗት እንደነበር ነግራኛለች። ነገር ግን ፎርሟ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው «አዲስ ታካሚ» ሲል ሌላው «ያገረሸበት» ይላል። ሽቦ አዲስ አይደለም፣ አላገረሸበትምም። ሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። እንዳያገረሽበት ለሚፈራ ሰው የተዘጋጀ ሳጥን በመሥሪያ ቤትዎ ስላልታሰበ፣ ሠራተኛዋ ፎርሙን ገልብጣ ጀርባውን ጭምር ካየች በኋላ በትሕትና መለሰችለት፤ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ድነሃል። ካገረሸብህ ያኔ ና።»

፭. ስለ በሩ

ሽቦ መመሪያ አክባሪ ሰው ነው። መመሪያ የማያከብር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕድሜ የለውም፤ ቆጣሪው ይዘጋ ከተባለ ይዘጋል፣ አትንካ ከተባለ አይነካም። ከበራችሁ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ መጠጥ ቤት አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ መፈቀዱ ለማዕከልዎ ደንበኞች ታስቦ እንደሆነ እገምታለሁ። ገብቶ አንድ ጠርሙስ አዘዘ። ለደስታ አልነበረም፣ ለንዴትም አልነበረም፤ ፎርም ለማሟላት ነበር። ኋላ ሲነግረኝ «ወንድም ጋሼ፣ መስኮቱ ለምሳ ሳይዘጋ እንድደርስ ብዬ በቁሜ ነው የጠጣሁት» አለኝ።

መስኮቱ ጋ ግን አልደረሰም። ጥበቃው ትንፋሹን አሽትቶ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ አሳየው፤ «የጠጣ ሰው ወደ ግቢው መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው» ይላል፣ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ሽቦ የጠጣው እንዲመዘገብ መሆኑን፣ ከውስጥ እንዲህ ተብሎ መታዘዙን ሊያስረዳ ሞከረ። ጥበቃው ሳቀ። አልፈርድበትም፤ ወንድሜ ባይሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። በመስኮቱ ስላልጠጣ ተመለሰ፣ በበሩ ስለጠጣ ተመለሰ፤ ሁለቱም የሆነው በአንድ ቀን ጠዋት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ሰው ፊርማ ነው።

እንደ እሱ ላለ ሰው ደግሞ አንድ ጠርሙስ የሚባል መለኪያ የለም። አስፋልቱን መልሶ ተሻገረ። ዘጠኝ ቀን ያልሄድኩበት ሆስፒታል፣ ያልገባሁበት ፖሊስ ጣቢያ፣ ያልጠየቅሁት የሥራ ባልደረባው አልነበረም። በአሥረኛው ቀን አንድ የማውቀው ግንበኛ ደውሎልኝ፣ ተጀምሮ በቆመ ሕንፃ ደረጃ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ቀኝ እጁ ከአንጓው ተሰብሯል። ያ ሕንፃ የእኔ ሥራ ነበር፤ ደረጃውን ያስሞላሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ለማነጻጸር ያህል አንድ ነገር ልጥቀስ። አጥንት ሐኪሙ ለዚያች አንዲት ትንሽ አጥንት ስድስት ሳምንት ጀሶ፣ ከዚያ የሁለት ወር የእጅ ልምምድ፣ በየሦስት ሳምንቱ ራጅ አዘዘላት። ከመጠጥ የመላቀቁን መንቀጥቀጥም እዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ሲያልፈው ማንም አላጨበጨበም። ሐኪሙን መቼ ይድናል ብዬ ብጠይቀው «እናየዋለን» አለኝ። ቃሉ ደስ ስላለኝ ደግሞ እንዲለው ብዬ ሁለተኛ ጠየቅሁት።

፮. ስለ ሰሌዳው

ከግቢው በር አጠገብ በዚህ ዓመት የዳኑትን ሰዎች ብዛት የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ ተክላችኋል። ሽቦ ተመልሶ ገብቶ በሃያ ስምንተኛው ቀን ሲወጣ ሁለተኛ እንደሚቆጠር ከመዝገብ ቤት አረጋግጫለሁ። ሦስተኛ ቢወድቅ ሦስት ሰው ይሆናል። ከአንድ እናት ልጅ ይህን ያህል የተሳካ ውጤት ማግኘት መቻሉ የሚያስቀና ነው።

፯.

ሰባተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ጽፌው ሰረዝኩት፣ ሰርዤው መልሼ ጻፍኩት። ሽቦ ወደ መስኮታችሁ ከመምጣቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ እሑድ ከሰዓት፣ እናቴ ቤት ተገናኝተን ነበር። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ «ወንድም ጋሼ፣ ልክ አይደለሁም» አለኝ። እኔ ኳስ እያየሁ ነበር። ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል በአገጬ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ወረቀት አመለከትኩትና «ድነሃል እኮ! ማህተም ከተመታበት በኋላ ምን ያከራክራል?» ብዬ ሳቅኩ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «እሱስ ልክ ነህ» ብሎ ጫማውን አሠረ።

እንግዲህ ያን ማህተም ከእርስዎ ቀጥሎ የመታሁት እኔ ነኝ። መስኮታችሁ ዘንድ የደረሰው አስቀድሞ በእኔ አንድ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያቺን ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ ኖሬ፣ ስትመጣ በኳስ ጨዋታ መሐል ስለመጣች አላወቅኋትም። በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ መክረሜ ብቻ ነው፤ እርስዎ በደህና እንደሚያድሩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዛሬ ሽቦ መጠጥ ካቆመ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው። እኔ ቤት ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ለረዳቴ ትቼ እኔ አብሬው እቀመጣለሁ፣ ከሰዓት እናቴ ትተካኛለች፤ እንጨት ሲጠፋ ሰው ደጋፊ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት መጥቼ በክብር «ያገረሸበት» በሚለው ሳጥን አስመዝግቤዋለሁ፤ ሁለተኛው ሳጥን እጅግ ሰፊ ነው፣ ያለ ምንም ክርክር ገባ። ተራው ግን ከዘጠና አራት ቀን በኋላ ነው ተብያለሁ። ስለሆነም ከክቡርነትዎ መመሪያ እጠይቃለሁ፤ በዚያ ቀን ወንድሜ ጠጥቶ ይምጣ ወይስ ሳይጠጣ? ዘጠና አራት ቀን ሳይጠጣ ከቆየ በመስኮቱ የዳነ ይባላል፤ ከጠጣ በበሩ አያልፍም። ሦስተኛ መግቢያ ካላችሁ አቅጣጫውን ቢጠቁሙን ከአሁኑ መንገዱን እንለማመደው ነበር።

ከዚህ ውጭ የምለምነው ብዙ አይደለም። ባለሙያዋ በያዝነው ሳምንት አንድ ሰዓት ትየው፤ በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ፤ እሷ በወረቀት ጀርባ እንደሣለችው እስከ ዓመቱ ይቀጥል። ፎርማችሁ ላይ አንድ ሳጥን ይጨመር። ምስክር ወረቀቱን ለቢሮዎ ከተላከው ቅጂ ጋር ከነመስተዋቱ አያይዤዋለሁ፤ እናቴ ከግድግዳው ስታወርደው ሚስማሩን አልነቀለችም፣ ተስተካክሎ ሲመለስ እሰቅለዋለሁ ብላ። አዲስ ማህተም ማስቀረጽ አያስፈልግም፤ በእስክርቢቶ «ታክሞ ድኗል» የሚለውን ሰርዘው «እየታከመ ነው» ብለው ከጎኑ ቢፈርሙ ይበቃናል። የእርስዎ ፊርማ በበሩ ላይ ምን ያህል እንደሚከበር በዓይናችን ስላየን፣ በዚህም ወረቀት ላይ እንደሚከበርልን አንጠራጠርም።

ለሰጡን ሃያ ስምንት ቀን፣ ለጭብጨባው፣ ለአበባውና ለፎቶው ያለኝን የማያልቅ ምስጋና ደግሜ እያቀረብኩ፣ የሥራ ዘመንዎ የተቃናና ክትትል የማያስፈልገው እንዲሆን በመመኘት ጽሑፌን እዚህ ላይ እቋጫለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የተዘጋው ፋይል አስታማሚ፣
ገና እየዳነ ያለ ሰው ታላቅ ወንድም፣
የአርማታ ካቦ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤቱ መስኮት፣
ለዋናው በር ጥበቃ፣
ለምክር ባለሙያዋ (ከሰላምታ ጋር)፣
ለእናቴ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ለምዝገባ ስመጣ ኮሪደራችሁ ጨልሞ ነበር፤ ሽቦ የጠገነው መብራት ጠፍቷል። ከሥሩ ከተሰቀሉት የምሩቃን ፎቶዎች መሐል የወንድሜን ፊት ለማግኘት ብሞክር አልታየኝም። ማብሪያው አጠገብ ግን ያን ዕለት ከመሰላል ወርዶ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፋት ወረቀት እስካሁን አለች። ትክክለኛው ማያያዣ ስላልተገኘ ገመዱን በናስትሮ ብቻ ነበር የጠቀለለው፤ «ተጠግኗል» ብሎ መሄድ ሲችል «ጊዜያዊ ነው፤ በወሩ ይታይ» ብሎ ጽፏል። ቤት ገብቼ መብራቱ መጥፋቱን እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኩት። አልሳቀም። ጀሶ ያለበትን እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል አስተላልፌዋለሁ፤ «በወሩ ያየው ሰው አልነበረም?»